የሳምባ ነቀርሳ ስምና የደም ምርመራ ታሪክ፤ ከነጌሌ ቦረና ቆላ አንጻር

ነቀርሳ የሚለው ቃል በአማርኛችን ለሁለት ጌታ ያደረ ቃል ነው። «የሳምባ ነቀርሳ» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚረዳው በባክቴሪያ የሚመጣውንና ዛሬ ቲቢ የሚባለውን በሽታ ነው። «ነቀርሳ» ብቻ ሲባል ግን ካንሰር ማለት ይሆናል። እንግዲህ ካንሰሩ በሳምባ ላይ ሲወጣ ምን ተብሎ ይጠራ? በቦረናና በጉጂ ዘንድም ነገሩ ከዚህ አይርቅም፤ «ዱኩባ ሶምባ»፣ ማለት የሳምባ በሽታ፣ ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው ቲቢ ነው። ከስሙ መነሣታችን ለቃላት ጨዋታ ብለን አይደለም። በሽተኛው የሚውጠው መድኃኒት ለበሽታው በተሰጠው ስም ስለሚወሰን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀድሞ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የነበረችው ነጌሌ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በአዶላ በኩል ወደ ሊበን ለሚወርድ መንገደኛ የቆላው በር እርሷ ናት፤ ከእርሷ ወዲያ ፊልቱና ዶሎ፣ በደቡብ ምዕራብ ደግሞ ያቤሎ፣ ሜጋና ሞያሌ ይገኛሉ። በእነዚህ ከተሞች አንድ ሰው ለወራት ቢያስል፣ ቢከሳ፣ አክታው ደም ቢቀላቅል፣ ሐኪሙ አስቀድሞ ቲቢን መጠርጠሩ ትክክል ነው፤ በአገሩ የበዛው እርሱ ነውና። ሮበርት ኮክ የቲቢን ባክቴሪያ ያሳየው በ1882 ነው፤ ራጅም በ1895 ተገኘ። አክታን በማይክሮስኮፕ ማየትና ደረትን በራጅ ማንሣት ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አድነዋል። ችግሩ የሚመጣው አክታው ንጹሕ ሆኖ ሳለ በራጁ ላይ ጥላ ሲታይ ነው። የቲቢ ጥላና የካንሰር ጥላ አንዳንድ ጊዜ አይለያዩም። በጥርጣሬ ብቻ የቲቢ መድኃኒት የተጀመረለት ሰው በሽታው ካንሰር ከሆነ፣ ለቲቢው የተመደቡት 6 ወራት ዕጢው የሚያድግባቸው ወራት ይሆናሉ።

የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ለቆላው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 የተቀበለው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ በአክታ ውስጥ የቲቢውን ባክቴሪያ ዲ.ኤን.ኤ. የሚፈልግ ነው፤ በአገራችን ሆስፒታሎችም ተስፋፍቷል። ይህ መሣሪያ «ቲቢ አልተገኘም» ይላል እንጂ «ታዲያ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም።

ይህን ሁለተኛ ጥያቄ ከደም ለመመለስ የተደረገው ጥረት ታሪኩ ረጅም ነው። በ1948 ማንደልና ሜቴ የተባሉ የስትራስቡርግ ሊቃውንት በሰው ደም ፈሳሽ ክፍል፣ በፕላዝማው ውስጥ፣ ከሕዋስ ውጭ የሚንሳፈፍ ኑክሊክ አሲድ አገኙ። ዋትሰንና ክሪክ የዲ.ኤን.ኤ.ን ቅርጽ ያስረዱት በ1953 ስለሆነ፣ ግኝቱ ከዘመኑ ቀድሞ የመጣ ነበርና ሰሚ አጣ። በ1977 ሌዎንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የ173 ካንሰር በሽተኞችን ደም ከ55 ጤነኞች ደም ጋር አስተያዩ። ከበሽተኞቹ ግማሽ ያህሉ ብዙ ዲ.ኤን.ኤ. ተገኘባቸው፤ የቀሩት ግን ከጤነኞቹ አልተለዩም። መጠን ብቻውን ምስክር ሊሆን እንደማይችል ከዚህ ይታያል። በ1989 በጄኔቭ ስትሩንና ባልደረቦቹ በፕላዝማው ውስጥ ከሚገኘው ዲ.ኤን.ኤ. ከፊሉ የዕጢው ጠባይ እንዳለው አሳዩ። ሕዋስ ሲሞት ዲ.ኤን.ኤ.ው ተሰባብሮ ወደ ደም ይገባል፤ የዕጢ ሕዋስም እንዲሁ ይሞታል፤ ስብርባሪውም የወላጁን ምልክት ይዞ ይዞራል።

ለሳምባ ካንሰር ከሁሉ የሚያስደስተን የ1999ኙ ሥራ ነው። ኤስቴለርና ባልደረቦቹ የፈለጉት ጂኖችን የሚዘጋውን ሜቲሌሽን የተባለውን ኬሚካዊ ምልክት ነበር። ከ22 በሽተኞች በ15ቱ ዕጢ ላይ አገኙት፤ ከነዚህ 15 መካከል በ11ዱ ደም ውስጥም ያው ምልክት ነበረ። ዕጢያቸው ምልክቱ ባልነበረው ሰዎች ደም ግን አልታየም። እንግዲህ ደሙ አልዋሸም፤ ነገር ግን በአራቱ ላይ ዝም ብሏል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2016 ኢ.ጂ.ኤፍ.አር. በተባለው ጂን ላይ የደረሰውን ለውጥ ከፕላዝማ የሚያነብ ምርመራ ሲፈቅድም፣ ደሙ ምንም ካላሳየ ከዕጢው ናሙና ይወሰድ የሚል ደንብ ጨምሮበታል። ይህ የጂን ለውጥ በተለይ ትምባሆ ባላጨሱ ሰዎች ላይ ይበዛል። በጭስ ቤት ውስጥ እሳት እያነደደች ለኖረች፣ ትምባሆ ግን ላልቀመሰች ሴት ነገሩ ሩቅ አይደለም። (የእንጨት ጭስ ለሳምባ ካንሰር ምክንያት ሳይሆን እንደማይቀር ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት መድቦታል። የቦረና ሴት ጎርፋዋን የምታጥንበትን ጭስ ግን ለብቻው የምንከስበት ማስረጃ የለንም።)

የቆላው አርብቶ አደር ከደም የሳምባን ሕመም የማወቅን ሐሳብ ከከብቱ ያውቀዋል። የከብቱን የሳምባ በሽታ «ሶምቤሳ» ይለዋል፤ የከብቱ ደም ተቀድቶ ለዚሁ በሽታ ሲመረመርም አይቷል። ልዩነቱ ግን ሊዘነጋ አይገባም። በከብቱ ደም የሚፈለገው አካሉ በሽታውን ለመከላከል ያወጣው መልስ ነው፤ በሰውየው ደም የሚፈለገው የዕጢው የራሱ ፍርፋሪ ነው። ዕጢው ገና ትንሽ ሲሆን ፍርፋሪውም ትንሽ ነውና፣ ምርመራው በጣም በሚያስፈልግበት ጊዜ በጣም ይደክማል። ስለዚህ ይህን ምርመራ ለጤነኛ ሁሉ እናድርግ የሚለው አሳብ ለነጌሌ ገና ነው እንላለን። የሚጠቅመው የቲቢ መድኃኒት እየወሰደ ላልተሻለው፣ ሐኪሙም ስሙን መጠራጠር ለጀመረበት በሽተኛ ነው።

ለዚህ ሰው ትልቁ ጥቅም የመንገዱ ነገር ነው። በጨረር የሚደረግ የካንሰር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ የተወሰነ ነበር፤ ከሳምባ ናሙና የሚወስድና የሚያነብ ሐኪምም በቆላው በቀላሉ አይገኝም። ሰውየው ከመሄዱ በፊት ደሙ ሊሄድ ይችላል። ነገር ግን በተለመደው ብልቃጥ የተቀዳ ደም በጥቂት ሰዓት ውስጥ በሴንትሪፉጅ ተዘውሮ ፕላዝማው ካልተለየ፣ ነጭ የደም ሕዋሶች እየፈረሱ የራሳቸውን ዲ.ኤን.ኤ. ይጨምሩበትና የዕጢውን ፍርፋሪ ይውጡታል። ሕዋሶቹን ሳይፈርሱ ለቀናት የሚያቆይ ልዩ ብልቃጥ አለ፤ ዋጋው ከተለመደው ይበልጣል፤ የሙቀት ወሰንም አለው። የዶሎ ቀትር ከዚያ ወሰን ሊያልፍ ይችላልና፣ ብልቃጡ በጥላ ተይዞ እስከ ነጌሌ መድረስ፣ ነጌሌም ሴንትሪፉጅና ፕላዝማውን የሚያቆይ ማቀዝቀዣ ከማይቋረጥ መብራት ጋር ሊኖራት ያስፈልጋል።