የኪታብ ጠባቂዎች ወይስ የኪታብ መርማሪዎች?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበው የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

የእስልምና ሥልጣኔ ሲነሳ የኢብን ሲና፣ የአል-ኸዋሪዝሚና የአል-ገዛሊ ስም ወዲያው ወደ አእምሯችን ይመጣል። እነዚያ ታላላቅ ዑለማ ያነበቧቸውን ኪታቦች ማን ሰበሰባቸው? ማን ቆጠራቸው? የትኛው የማን እንደሆነ ማን አጣርቶ መዘገበ? ብለን ግን እምብዛም አንጠይቅም። በዛሬው ዝግጅታችን የምናወሳው ስለእነዚህ ሰዎች ነው። ቁልፍ ይዘው በር ከመክፈትና ከመዝጋት አልፈው በእጃቸው ስላለው ኪታብ ይመረምሩ ስለነበሩ ሰዎች ማለታችን ነው።

«ያየሁት» እና «የሰማሁት»

በአራተኛው ክፍለ ዘመን ሒጅራ በባግዳድ ከተማ አቡል ፈረጅ ሙሐመድ ኢብን ኢስሐቅ አን-ነዲም የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ሥራው እንደ አባቱ ሁሉ ወራቅነት፣ ማለትም ኪታብ እየገለበጡና እየሸጡ መተዳደር ነበር። ታዲያ በእጁ የሚያልፈውን ኪታብ ሸጦ ዋጋውን ብቻ አልተቀበለም። ማን ጻፈው? ደራሲው የት ተወለደ፣ መቼስ ሞተ? ሌላስ ምን ጽፏል? እያለ ይጠይቅና ይመዘግብ ነበር። በ377 ዓመተ ሒጅራ (987/8 እ.ኤ.አ.) «አል-ፊህሪስት» የተባለውን ታላቅ ሥራውን አዘጋጀ።

አል-ፊህሪስት በአሥር ምዕራፎች የተከፈለ ሲሆን፣ ስለ አጻጻፍ ዓይነቶችና ስለ ቁርኣን ጀምሮ በሰዋስው፣ በታሪክ፣ በግጥም፣ በዐቂዳ ክርክርና በፊቅህ በኩል አልፎ እስከ ፍልስፍናና ሕክምና ይደርሳል። የሌሎች ሃይማኖት ተከታዮችን ኪታቦች እንኳ አልተወም፤ የማይስማማበትንም ቢሆን ሳይደብቅ መዝግቧል።

እኛን ይበልጥ የሚያስደንቀን ግን የአሠራሩ ጥንቃቄ ነው። ኢብን አን-ነዲም በዓይኑ ያየውን ኪታብ አይቼዋለሁ ይላል፤ ከሌላ የሰማውን ደግሞ ከማን እንደሰማ ይናገራል። የባለቅኔዎችን ሥራ ሲመዘግብ የቅጠሉን ብዛት ይገልጻል። ያ ብቻ አይደለም። ቅጠል ሲል በየገጹ 20 መስመር የሚይዘውን የሱለይማኒ ወረቀት ማለቱ እንደሆነ አስቀድሞ ያስረዳል። አንድ ገዢ የተቆረጠ ወይም የጎደለ ኪታብ ሲቀርብለት በዚህ መለኪያ ሊያውቅ ይችላል ማለት ነው። ያላገኘው መረጃ ሲኖር ደግሞ ከኋላው የሚመጣ ሰው እንዲሞላው ቦታውን ባዶ ይተወው ነበር።

ጥቅሙን በአንድ ምሳሌ እንመልከት። አል-ፊህሪስት የፈላስፋውን የአል-ኪንዲን ከ200 በላይ ሥራዎች በስም ይዘረዝራል። ዛሬ አብዛኞቹ የሉም። በእሳት፣ በጦርነትና በቸልተኝነት ጠፍተዋል። ሆኖም አል-ኪንዲ ስለ ሒሳብም፣ ስለ ሕክምናም፣ ስለ ዜማም እንደጻፈ እናውቃለን። ኪታቡ ቢጠፋ ስሙን ያቆየልን አንድ ጠያቂ ኪታብ ሻጭ ነው።

ለየዘርፉ የራሱ መዝገብ

በዚያው ዘመን የነበረው ጂኦግራፊ ጸሐፊ አል-ሙቀደሲ፣ ሺራዝ ውስጥ ዐዱድ አድ-ደውላ ያሠራውን ቤተ መጻሕፍት ጎብኝቶ ያየውን ጽፎልናል። ቤቱ ወኪል፣ ኪታብ ጠባቂና ተቆጣጣሪ ነበረው። የሰው ቁመት የሚያህሉ የእንጨት ሣጥኖች በግድግዳው ተደርድረዋል። ለእያንዳንዱ የዕውቀት ዘርፍ የራሱ ሣጥን፣ የኪታቦቹ ስም የሰፈረበት የራሱ መዝገብም ነበረው።

ይህ አሠራር ለአንባቢ ምን እንዳበረከተ ከኢብን ሲና ታሪክ እንረዳለን። ገና ወጣት ሐኪም ሳለ የቡኻራውን ገዢ ኑሕ ኢብን መንሱርን እንዲያክም ተጠራ። በዚያውም የገዢውን ቤተ መጻሕፍት ለማየት ፈቃድ አገኘ። ብዙ ክፍሎች ነበሩት፤ እያንዳንዱ ክፍል ለአንድ ዘርፍ የተመደበ ነበር። ኢብን ሲና መጀመሪያ ያነበበው የጥንት ሊቃውንትን ኪታቦች ዝርዝር እንደነበርና የሚፈልገውን ከዚያ መርጦ እንደጠየቀ ራሱ ተናግሯል። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ያላያቸውን ኪታቦች በዚያ አግኝቷል። እንግዲህ ያን ዝርዝር ያዘጋጀው ሰው ስሙ እንኳ አልደረሰንም። ነገር ግን በኢብን ሲና ዕውቀት ውስጥ ድርሻ የለውም ማለት እንችላለን?

ከምርኮ ተነስቶ ኪታብ ጠባቂ

ሌላው የምናወሳው ከማል አድ-ዲን ኢብን አል-ፉወጢ ነው። በ642 ዓመተ ሒጅራ (1244 እ.ኤ.አ.) ባግዳድ ውስጥ ተወለደ። በ1258 እ.ኤ.አ. ሞንጎሎች ከተማይቱን ሲያወድሙ ገና ልጅ ነበር፤ ተማረከ። ከዓመታት በኋላ ነሲር አድ-ዲን አጥ-ጡሲ በመራጋ ወዳቋቋሙት የከዋክብት መመልከቻ ደረሰና የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሆነ። የታሪክ ጸሐፊዎች በዚያ 400,000 ጥራዝ ነበር ይላሉ። ቁጥሩ የተጋነነ ሊሆን ይችላል። ከኪታቦቹ ብዙዎቹ ከራሷ ከባግዳድና ከሌሎች ከተሞች የተዘረፉ እንደነበሩ ግን ይወሳል። አገሩ የፈረሰችበት ልጅ የአገሩን ኪታቦች በሰው አገር ጠባቂ ሆነ ማለት ነው።

ኢብን አል-ፉወጢ በሐዘን ተቀምጦ አልቀረም። ወደ መመልከቻው የሚመጡትን ዑለማ እየጠየቀ ስማቸውን፣ አገራቸውንና ሥራቸውን ይመዘግብ ነበር። በኋላም ወደ ባግዳድ ተመልሶ የአል-ሙስተንሲሪያ መድረሳ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኗል። የሰበሰበውን በቅጽል ስም ቅደም ተከተል አደራጅቶ ግዙፍ የሕይወት ታሪክ መዝገብ ጻፈ። የደረሰን ከፊሉ ብቻ ቢሆንም፣ ስለዚያ የመከራ ዘመን ዑለማ የሚያጠኑ ሁሉ ዛሬም ይጠቀሙበታል።

ከእርሱ ሦስት መቶ ዓመታት ያህል በኋላ ደግሞ ኢስታንቡል ውስጥ ሐጂ ኸሊፋ (ካቲብ ቸለቢ፣ 1609–1657 እ.ኤ.አ.) ተነሳ። የኦቶማን ሠራዊት የሒሳብ ጸሐፊ ነበር። ሠራዊቱ ሐለብ ላይ ሲከርም እርሱ ወደ ኪታብ ሻጮች እየሄደ የኪታቦችን ስም መመዝገብ ጀመረ። በውርስ ያገኘውንም ገንዘብ ለኪታብ አዋለ። 20 ዓመት ገደማ ደክሞ ከ14,000 በላይ ኪታቦችን የያዘውን «ከሽፍ አዝ-ዙኑን»ን አዘጋጀ።

ከእነዚህ ሰዎች ታሪክ የምንረዳው፣ ስለ ኪታብ መመራመር ኪታቡን ከመጠበቅ ሥራ የተለየ እንዳልነበረ ነው። «ምርምር የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መጽሐፍ ያውጣ፣ ይመልስ» የሚለው አስተሳሰብ ከዚህ ታሪክ ጋር አይሄድም። ከአንባቢ ሁሉ አስቀድሞ ኪታቡን የሚያየው፣ ምን እንደጎደለና ምን እንደሚፈለግ የሚያውቀው ጠባቂው ነውና።

በእኛስ ዘንድ?

ውድ አድማጮቻችን፣ አገራችን በዚህ ረገድ ባዶ አይደለችም። ከሐረር እስከ ወሎ፣ ከጅማ እስከ ባሌ በዑለማ ቤት፣ በመስጊድና በመድረሳ የእጅ ጽሑፎች አሉ። በዐረብኛ የተጻፉ አሉ፤ በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ፣ በሐረሪና በሌሎች ቋንቋዎች የተጻፉ ዐጀሚዎችም አሉ። በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከእነዚህ የተወሰኑትን ይዟል፤ ዝርዝራቸውም በጣሊያናዊው ተመራማሪ በአሌሳንድሮ ጎሪ መሪነት ተዘጋጅቶ በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በሐረር አቶ አብደላ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው የሰበሰቧቸው ኪታቦች የሙዚየም ሀብት ሆነዋል። በሙያው በኩልም በ1990 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ባለሙያዎችን በማስተርስ ደረጃ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። እንግዲህ መንገዱ ተጀምሯል።

ይሁን እንጂ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያለው ብዙ ነው። ምስጥ ይበላዋል፣ ዝናብ ይደርስበታል፣ ለቱሪስት ይሸጣል። አንዳንድ ሸኾች ኪታባቸውን ለማሳየት ቢሰጉ አይፈረድባቸውም፤ «ላንብበው» ተብሎ ተወስዶ የቀረ ስንት አለ! ነገር ግን መደበቁ መፍትሔ አይሆንም። ያልተመዘገበ ኪታብ ቢሰረቅ «የእኛ ነው» ለማለት ማስረጃ የለውም። መዝገብ ኪታቡን ከባለቤቱ እጅ አይነጥቅም፤ ይልቁንም የባለቤትነት ምስክር ይሆነዋል።

ስለዚህ የመስጊድና የመድረሳ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች፣ እንዲሁም በሙያው የሠለጠናችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ በአንድ ደብተር መጀመር ይቻላል። የኪታቡን ስም፣ የደራሲውን ስም፣ የገልባጩን ስምና ቀን ጻፉ፤ ይህ ብዙውን ጊዜ በመጨረሻው ገጽ ላይ ይገኛል። ቅጠሉን ቁጠሩ። የወቅፍ ቃል ካለበት ለማን ወቅፍ እንደተደረገ መዝግቡ። ከአባት ወደ ልጅ እንዴት እንደመጣ ሽማግሌዎችን ጠይቁ። ያያችሁትንና የሰማችሁትን ለዩ። ያላወቃችሁትን በግምት አትሙሉ፤ ኢብን አን-ነዲም እንዳደረገው ለሚመጣው ሰው ቦታ ተዉለት። ከዚያም ያገኛችሁትን ለሙያ ባልደረቦቻችሁ አካፍሉ፤ በአንድ መድረሳ ብቻውን ያለ ደብተር ከሌላው ጋር ሲገናኝ ነውና የአገር ታሪክ የሚሆነው።

ኪታቦቹን የጻፉልን አባቶች በኩራዝ ብርሃን ዓይናቸውን አድክመዋል። እኛ ስማቸውን መመዝገብ ካቃተን ለልጆቻችን ምን ብለን እንመልሳለን? አላህ ዒልምን ከሚጠብቁትና ለሌላው ከሚያደርሱት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።