ማሰሪያው የት ነው? የጅቡቲ ከተማ ታዳጊዎችና የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር

አንዲት የ12 ዓመት ልጅ በእንግሊዝኛ ደብተሯ ላይ «አይ ሃቭ ትዌልቭ ዪርስ» ብላ ጽፋለች። ከኢትዮጵያውያን ቤተሰብ ተወልዳ ጅቡቲ ከተማ ያደገች ልጅ ናት፤ ኮሌዥ (መካከለኛ ደረጃ) ከገባች ገና ጥቂት ወራት ናቸው። መምህሯ ዓረፍተ ነገሩን በቀይ ሰርዘው ከላዩ «አይ አም ትዌልቭ» ብለው አርመውላታል። እርማቱ ትክክል ነው፤ ለምን እንደተሳሳተች ግን አይነግራትም። እኔ ስጠይቃት «በፈረንሳይኛ እንደዚያ ነው እኮ የሚባለው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ፈረንሳይኛ «ዤ ዱዝ አን» ሲል፣ ቃል በቃል «አሥራ ሁለት ዓመት አለኝ» ማለቱ ነው። እናቷ ብትጠይቃት «አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው» ትላለች። የሰፈር ጓደኞቿ በሶማልኛ ቢጠይቋት «ለበ ኢዮ ቶበን ሰኖ አያን ጂራ» ብላ ትመልሳለች፤ እዚያ ዕድሜን የሚናገረው ግስ «መኖር» ነው። እንግሊዝኛው ደግሞ «እኔ አሥራ ሁለት ነኝ» ይላል። ልጅቷ ሦስት መንገድ አውቃ አራተኛውን ልትማር መጥታለች፤ በደብተሯ ላይ የተሰረዘው ሦስቱን የሚያህል እውቀት ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ከዚህ ይነሣል። በጅቡቲ ከተማ ለታዳጊ ተማሪ የእንግሊዝኛን ዓረፍተ ነገር አሠራር ማስተማር ከስሕተት ዝርዝር መጀመር የለበትም፤ ልጁ ይዟቸው ከመጣቸው ቋንቋዎች የቃላት ቅደም ተከተል መጀመር አለበት።

ጅቡቲ በሰኔ 1977 እ.ኤ.አ. ነፃ ከወጣች ወዲህ የመንግሥት ቋንቋዎቿ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው፤ በየቤቱ የሚነገሩት በአብዛኛው ሶማልኛና አፋርኛ ናቸው። አንደኛ ደረጃው አምስት ዓመት፣ ኮሌዥ የሚባለው መካከለኛ ደረጃ አራት ዓመት ነው። እንግሊዝኛ በመንግሥት ትምህርት ቤት በተለምዶ በወጉ የሚጀመረው በኮሌዥ ሲሆን ልጆቹ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቷቸዋል። በኢትዮጵያ ግን ከ1986 ዓ.ም የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል አንሥቶ ይሰጣል። ስለዚህ ድሬዳዋ ያለው የዚያች ልጅ የአክስት ልጅ ፊደሉን ከለመደ ዓመታት ሲያልፉት እሷ ዛሬ ትጀምራለች። ፍላጎቷ ግን ከእሱ አያንስም። የኢትዮጵያ የገቢና ወጪ ንግድ አብዛኛው በዚህች ከተማ ወደብ ያልፋል፤ የመርከብ ሰነድ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ የሆነው የቀጠናው መንግሥታት ድርጅት ኢጋድ በዋናነት የሚሠራው በእንግሊዝኛ ነው። አባቷ በትራንዚት ሥራ የሚተዳደር ልጅ እንግሊዝኛ ለምን እንደሚያስፈልጋት ማንም እንዲያስረዳት አያስፈልግም።

የሰዋስው ሊቃውንቶቻችን ዓረፍተ ነገሩን የሚቋጨውን ግስ «ማሰሪያ አንቀጽ» ብለውታል። ስያሜው የአማርኛን ጠባይ በአንድ ቃል ይገልጸዋል። ጭነቱ ሁሉ ከተደረደረ በኋላ ገመዱ መጨረሻ ላይ ይታሰራል። «እናቴ ትናንት ጠዋት ከገበያ ትኩስ ዓሣ…» ብሎ ያቆመ ሰው ገና ምንም አልነገረንም፤ ገዛች ይሁን ሸጠች ወይም አጣች አናውቅም። ሶማልኛም አፋርኛም ግሱን በተለመደው አነጋገር መጨረሻ ላይ ያኖሩታል። እንግሊዝኛ ግን ገና ባለቤቱን እንደጠራ ያስረዋል፤ ቀሪው ጭነት ከቋጠሮው በኋላ ይመጣል። በክፍል ውስጥ «ባለቤት፣ ግስ፣ ተሳቢ» የሚለውን ቀመር በቃል ማስጠናት ይህን አያሳይም። ማሰሪያው ከመጨረሻ ወደ ሁለተኛ ቦታ መዛወሩን ልጁ በዓይኑ ማየት አለበት።

ከዚህ በታች ደግሞ ጠለቅ ያለ ነገር አለ፤ መማሪያ መጻሕፍት ሲያልፉት አያለሁና ጊዜ ልስጠው። አማርኛ ተሳቢውን በ«ን» ያመለክታል። «ውሻው ልጁን ነከሰው» ቢባልም «ልጁን ውሻው ነከሰው» ቢባልም የተነከሰው ልጁ ነው፤ የተለወጠው አጽንዖቱ ብቻ ነው። ቃሉ የትም ቢሄድ ምልክቱን ይዞ ይሄዳል። የእንግሊዝኛ ስም እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። «ዘ ዶግ ቢት ዘ ቦይ» የሚለውን ሁለት ስሞች አለዋውጦ «ዘ ቦይ ቢት ዘ ዶግ» ያለ ልጅ፣ ውሻውን በልጁ አስነከሰው። በአማርኛ «ን» የምትሠራውን ሥራ በእንግሊዝኛ ቦታው ይሠራዋል። ይህን አንዴ የተረዳ ተማሪ የቃላት ቅደም ተከተል ከትርጉም ጋር የተያያዘ መሆኑን ያውቃል፤ ያልተረዳው ግን መምህሩ የሚወድደው አጻጻፍ ብቻ ይመስለዋል። እኔ በ11 እና በ12 ዓመታቸው ካየኋቸው ልጆች በዚህ ምሳሌ ያልሳቀ የለም፤ ሥቀውም አይረሱትም።

«ዘ ቡክ አይ ረድ ኢት» የሚለው ስሕተትም ከዚሁ ቤት ነው። «መጽሐፉን አነበብኩት» ስንል ግሳችን ላይ «ት» አለች፤ ልጁ እሷን ታማኝ ሆኖ ተርጉሞ ነው «ኢት» የጨመረው። «ኢዝ ሬይኒንግ» ብሎ ባለቤቱን የዘለለውም እንዲሁ፤ በአማርኛ «ይዘንባል» ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ፈረንሳይኛ ባለውለታ ይሆናል። «ኢል ፕለ» የሚል ልጅ፣ ማንንም የማይወክል ባለቤት ዝናቡ ፊት ማቆም እንደሚቻል አስቀድሞ ያውቃል። ግስን ከባለቤት ቀጥሎ ማሰርንም ከፈረንሳይኛ ለምዷል። ስለዚህ የጅቡቲ ኮሌዥ ተማሪ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን በትክክል ይሠራል፤ መምህሩም ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። ችግሩ የሚመጣው ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝም ነው። ፈረንሳይኛ በግሱና በተሳቢው መካከል «ትናንት»ን ማስገባት ይፈቅዳል፤ ልጁም «ማይ ማዘር ቦት የስተርደይ ፊሽ» ይላል። ፈረንሳይኛ ቅጽሉን ብዙ ጊዜ ከስሙ በኋላ ያደርጋል፤ ሶማልኛም እንዲሁ፤ ስለዚህ «ዘ ካር ሬድ» ይጻፋል። አማርኛ ተናጋሪው ልጅ «ቀዩ መኪና» እያለ አድጓልና እዚህ ላይ አማርኛው ትክክለኛ መሪው ነበር። እንዲጠቀምበት ግን የጠየቀው የለም።

የቋንቋ ትምህርት ታሪክ ይህን ክርክር ቀደም ብሎ ያውቀዋል። ሮበርት ላዶ በ1957 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሁለት ቋንቋዎችን አስተያይቶ የተማሪውን ችግር አስቀድሞ መገመት ይቻላል አለ። ፒት ኮርደር በ1967 እ.ኤ.አ. ስሕተት የተማሪው የመማር ሂደት ማስረጃ መሆኑን አስረዳ፤ ላሪ ሴሊንከር በ1972 እ.ኤ.አ. ተማሪው በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል የራሱ ሥርዓት ያለው የመሸጋገሪያ ቋንቋ እንደሚሠራ ጻፈ። ሦስቱም አንድ የአፍ መፍቻ ቋንቋና አንድ ዒላማ ቋንቋ በዋናነት እያሰቡ ነው የጻፉት። የጅቡቲዋ ልጅ ስሌት ከዚያ ይሰፋል፤ ለአንዱ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ከአማርኛ፣ ለሌላው ግማሽ ከፈረንሳይኛ መነሣት ትችላለች።

ስለ ማስተማሪያው ዘዴ ደግሞ ከአሜሪካ የተገኘ ጠቃሚ ውጤት አለ። የእነ ብራዶክ የ1963 እ.ኤ.አ. ዘገባ የሰዋስው ስያሜዎችን ለብቻ ማስተማር ለጽሑፍ ችሎታ የሚያመጣው ጥቅም ኢምንት መሆኑን ደመደመ። ፍራንክ ኦሄር በ1973 እ.ኤ.አ. የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን እያጣመሩ ሲለማመዱ አጻጻፋቸው እንደሚዳብር አሳየ። ስቲቭ ግርሃምና ዶሎረስ ፔሪን በ2007 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን አጠቃለው ሲያሰሉ የማጣመሩ ልምምድ አማካይ የውጤት መጠን 0.50 ሲሆን፣ ብቻውን የተሰጠ የሰዋስው ትምህርት ከዜሮ በታች ወርዶ -0.32 ሆነ። ይሁን እንጂ እነዚያ ልጆች በአብዛኛው እንግሊዝኛን እየተናገሩ ያደጉ ናቸው፤ ጆሯቸው የቱ ዓረፍተ ነገር እንደሚጎረብጥ ይነግራቸዋል። የእኛዋ ልጅ ያ ጆሮ የላትም። ስለዚህ ለእሷ ማጣመሩ ብቻውን አይበቃም፤ ቀድሞ ቃላቱን የሚያስቀምጥ ሌላ መመሪያ ያስፈልጋታል፤ ያም የምታውቃቸው ቋንቋዎች ናቸው።

ይህን ለመሞከር ከልጅቷ ጋር ወረቀት በመቀስ ቆርጠን ቃላት ጻፍንባቸው። ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ነበሩን፤ «ዘ ድራይቨር ኢዝ ታየርድ»፣ «ሂ ኬም ፍሮም ድሬዳዋ»፣ «ሂ ስሊፕስ አት ዘ ፖርት»። ሥራው አንድ ማድረግ ነው። ሹፌርን የመረጥኩት በየቀኑ የምታየው ሰው ስለሆነ ነው፤ ቃሉ ራሱም ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ የገባ ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ «ለገሃር»ን እንዳስገባልን ሁሉ፣ ሹፌርም እንዲሁ ያለ ችግር ገብቶ የእኛ ሆኗል። ቃል በቀላሉ ይሻገራል፤ ቅደም ተከተል ግን እንዲህ አይሻገርም።

የተፈለገው መልስ በአማርኛ «ከድሬዳዋ የመጣው የደከመው ሹፌር ወደብ ላይ ይተኛል» ነው፤ ገላጮቹ ሁሉ ከሹፌሩ በፊት ናቸው። በፈረንሳይኛ ሁለቱም ከሹፌሩ በኋላ ይመጣሉ። በሶማልኛም እንዲሁ። እንግሊዝኛ «ታየርድ»ን ከፊት፣ «ሁ ኬም ፍሮም ድሬዳዋ»ን ከኋላ ያደርጋል። አንዱን ቋንቋ ብቻ የተከተለ ልጅ ግማሹን ይስታል።

መምህሩ አራቱንም ቋንቋ እንዲያውቅ አይጠበቅበትም፤ በጅቡቲ ክፍሎች ይህን መጠየቅ ፍትሐዊ አይሆንም። አፋርኛ ተናጋሪው ልጅ የራሱን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ ሶማልኛ ተናጋሪው ይከተላል፣ አማርኛ የምታውቀው በፊደሏ ትጨምራለች፤ መምህሩ ፈረንሳይኛውን ያክልና ግሱን በየመስመሩ አንድ አንድ ጊዜ ይከብበዋል። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም።

ልጅቷ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች። መጀመሪያ «ዘ ድራይቨር ታየርድ» ብላ ደረደረች። ጥቂት አየችው። ከንፈሯ «የደከመው ሹፌር» ሲል ሰማኋት፤ «ታየርድ»ን አንሥታ ከፊት አደረገችው። ከድሬዳዋ የሚለውን ወረቀትም ወደዚያው ልትወስድ እጇን ከሰደደች በኋላ ቆም አለች፤ «ኪ» አለች በፈረንሳይኛ፣ ለራሷ፤ ከዚያም «ሁ» የሚለውን ወረቀት ፈልጋ ከሹፌሩ በስተኋላ አስቀመጠችው።