አማልክትን የሚያኖራቸው ግዴታ ነው፦ ለምናባዊ ዓለም ሃይማኖት ከአክሱምና ከመናገሻ የሚገኝ ማስረጃ

ምናባዊ ዓለም የሚፈጥር ደራሲ ካርታውን ከነደፈ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚቀጥለው የአማልክት ዝርዝር ወደማዘጋጀት ነው። አንዱ የጦርነት፣ ሌላው የባሕር፣ ሦስተኛዋ የመኸር ወይም የሞት ኃላፊ ይሆናሉ፤ ለያንዳንዳቸው ስም፣ ምልክትና ጠባይ ይሰጣቸዋል። ይህን አሠራር በሰፊው ካስለመዱት መካከል እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው ጨዋታ አንዱ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የታተመው ተጨማሪ መጽሐፉ የልዩ ልዩ ሕዝቦችን አማልክት እንደ ተዋጊ ጀግኖች በኃይል መጠን እየለካ ደርድሯቸዋል። በአማርኛ ምናባዊ ዓለም ለመፍጠር የሚነሣ ጸሐፊም ይህንኑ ሠንጠረዥ እንደ መነሻ ቢወስድ አይገርምም። ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ የተፈጠረ ሃይማኖት አብዛኛውን ጊዜ ሕይወት አልባ ነው። አማልክቱ ስም ቢኖራቸውም የሚፈራቸውና የሚሳልላቸው፣ ስለቱ ሲደርስም የሚከፍላቸው ሰው አይታይም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አንድ ነው፤ የአማልክት ጉባኤ የሚታመነው በአባላቱ ስምና የሥራ ድርሻ ሳይሆን ሰውንና አማልክትን በሚያስተሳስረው ግዴታ ነው። ማን ለማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን ይከፍላል? በአምላኩ ስም የመናገር ሥልጣንስ የማን ነው? ለዚህ ማስረጃ የሚሆነውን በአክሱም ጽሑፎች፣ በመናገሻ ዙሪያ በሚኖሩ ልማዶችና በጎንደር የዛር ሥርዓት ውስጥ እናገኛለን።

አስቀድሞ የዝርዝሩን አመጣጥ መመርመር ይገባል። የሥራ ክፍፍል ያላቸው አማልክት ሲባል ብዙ አንባቢ የሚያስበው የግሪኮችን ነው። ሆኖም ሄሮዶቱስ ራሱ በታሪኩ ሁለተኛ መጽሐፍ ለግሪኮች የአማልክቱን የዘር ሐረግ ያበጁላቸው፣ ማዕረግና የሥራ ድርሻም ያከፋፈሉላቸው ሆሜርና ሄሲዮድ መሆናቸውን ይገልጻል። ዝርዝሩ የባለቅኔዎች ሥራ ነበር ማለት ነው። ባለቅኔዎቹ ሲያደራጁት ግን ከሥሩ የየከተማው አምልኮ፣ መሠዊያና የበዓል ቀን ነበረው። በኤፌሶን የምትመለከው አርጤምስና በአቴና አቅራቢያ በብራውሮን የምትመለከው አርጤምስ በስም አንድ ቢሆኑም የሚቀርብላቸው አገልግሎት የተለያየ ነበር። ፈረንሳዊው የግሪክ ሃይማኖት ተመራማሪ ዣን ፒየር ቬርናንም የግሪክ አማልክት ትርጉም የሚያገኙት እርስ በርስ ባላቸው ግንኙነት እንደሆነ አስተምሯል። እንግዲህ የሄሲዮድን ዝርዝር ወስዶ ከሥሩ ያለውን አምልኮ የተወ ደራሲ የተረከበው የሃይማኖቱን ማውጫ ብቻ ነው።

በምናባዊ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ የጎላ ስፍራ ያላቸው ሥራዎችም ይህንኑ ያረጋግጣሉ። ሎርድ ደንሴኒ እ.ኤ.አ. በ1905 ባሳተመው የፔጋና አማልክት መጽሐፍ ውስጥ ማና-ዩድ-ሱሻይ የተባለው የበላይ አምላክ ትንንሾቹን አማልክት ፈጥሮ ይተኛል። ስካርል የሚባለው ከበሮ መቺ ከበሮውን እስካላቋረጠ ድረስ እርሱ አይነቃም፤ የነቃ ዕለት ግን አማልክቱም ዓለማቱም ያከትማሉ። አንባቢን የሚይዘው የአማልክቱ ስም ብዛት ሳይሆን ሁሉም በአንድ ከበሮ ላይ የተንጠለጠሉ መሆናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ከሞቱ በኋላ የታተመው የቶልኪን ሲልማሪሊዮንም ኤሩ የተባለ አንድ ፈጣሪ አለው፤ ቫላር የሚባሉት 14 ኃያላንም በፈጣሪው ዜማ ውስጥ በያዙት ድርሻ ዓለምን ያስተዳድራሉ። በዚያ ዓለም ታላቁ ኃጢአት ከዜማው ወጥቶ የራስን ዜማ ማሰማት ነው። በሁለቱም መጻሕፍት ጉባኤውን ያቆመው ውልና ተገዥነት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ የመጀመሪያው ማስረጃ የአክሱም ጽሑፎች ናቸው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠው ዔዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስቀረጻቸው ጽሑፎች ራሱን የማይሸነፈው የማሕረም ልጅ ይላል። በግሪክኛው ቅጂ የማሕረም ስፍራ በጦር አምላኩ በኤሬስ ተተክቷል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ተጓዥ ከአዱሊስ በገለበጠው የቀደመ የግሪክኛ ጽሑፍ ላይም አንድ ንጉሥ ለዜውስ፣ ለኤሬስና ለፖሲዶን ምስጋና ያቀርባል። ዔዛና በሌላ የግዕዝ ጽሑፍ ደግሞ ለአስታር፣ ለብሔርና ለምድር ዙፋን ማቆሙን ይገልጻል። ላይ ላዩን ሲታይ ይህ ዝርዝር ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ስም የተጠራው ለተግባር ነው። ማሕረም የንጉሡ አባት ስለሆነ የዘውዱ ሕጋዊነት ከእርሱ ይመነጫል። አስታር፣ ብሔርና ምድር ደግሞ ከዘመቻ መልስ የተተከለው ዙፋን የተሰጣቸው ባለቤቶች ናቸው፤ ዙፋኑን የሚነቅል ሰው እርሱም ዘሩም ከአገሩ እንዲነቀል ጽሑፉ ይራገማል። ንጉሡ ድል ይቀበላል፣ በምላሹ ዙፋን ያቆማል፤ አማልክቱ ዙፋኑን ይቀበላሉ፣ በምላሹ ይጠብቁታል። ድንጋዩ የያዘው ውል ነው።

የውሉን ጥንካሬ የምናየው ሃይማኖቱ ሲለወጥ ነው። ዔዛና ወደ አንድ አምላክ እምነት ከተሻገረ በኋላ ባስቀረጸው የግዕዝ ጽሑፍ የማሕረም ልጅነት ቀርቷል፤ ድሉን የሚሰጠው የሰማይ ጌታ ሆኗል። በሳንቲሞቹም ላይ የፀሐይና የጨረቃ ምልክት ለመስቀል ቦታውን ለቋል። የጽሑፉ አካሄድ ግን እንዳለ ነው፦ ዘመቻ፣ ድል፣ ምስጋና፣ ዙፋን ማቆም፣ በሚነቅለው ላይ እርግማን። ስሞቹ ተለውጠው ግዴታው ከቀጠለ፣ ከስሞቹ ይልቅ ሥር የሰደደው ግዴታው ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ከመናገሻ ምድር ይገኛል። ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን የሚያቅፈው ይህ አካባቢ የቱለማ ኦሮሞ አገር ነው። በምዕራብ የወጨጫ ተራራ፣ በሰሜን የእንጦጦ ሸንተረር ከፍ ብለው ይታያሉ። እንጦጦ የሁለት ታላላቅ ወንዞች ውሃ መለያ ነው፤ ከሱሉልታ ሜዳ የሚወርደው በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ሲሄድ፣ ከሰበታና ከቡራዩ የሚወርደው አዋሽን ይቀላቀላል። በዚህ የተራራና የውሃ አገር የኖረው የዋቄፈና እምነት አንድ ፈጣሪን፣ ዋቃን፣ ያመልካል። ከዋቃ በታች አያና የሚባሉ መንፈሳዊ ኃይሎች አሉ፤ ሰው የራሱ አያና አለው፤ ጎሳም፣ ቀንም እንዲሁ። የውጭ ጸሐፊዎች አንዳንድ ጊዜ አያናዎችን እንደ ትንንሽ አማልክት ቆጥረው ዝርዝር ለማውጣት ሞክረዋል። የምዕራብ ኦሮሞን እምነት ለረጅም ጊዜ ያጠናው ላምበርት ባርቴልስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረበው ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ አያና ዋቃ ከአንድ ሰው፣ ከአንድ ወገን ወይም ከአንድ ጊዜ ጋር ያለው ግንኙነት የሚገለጥበት መልክ ነው። የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪው ኤቫንስ-ፕሪቻርድም እ.ኤ.አ. በ1956 በታተመው ጥናቱ በኑዌር ሕዝብ ሃይማኖት ውስጥ አንዱ መንፈስ በየማኅበራዊ ግንኙነቱ ልዩ ልዩ ሆኖ እንደሚገለጥ አሳይቷል። በዚህ አስተሳሰብ አያናዎችን ቆጥሮ መጨረስ አይቻልም፤ አዲስ ግንኙነት በተፈጠረ ቁጥር ቁጥሩም ይለወጣልና።

ግንኙነቱ ደግሞ ቦታ፣ ጊዜና ሥልጣን ያለው አካል ይፈልጋል። ኢሬቻ የሚባለው የልመናና የምስጋና በዓል ሁለት ወቅት አለው፤ በበልግ ወራት ዝናብ ለመለመን ወደ ተራራ ይወጣል፣ ክረምት ሲያልፍ ለማመስገን ወደ ውሃ ዳር ይወረዳል። ሰው እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ የሚሄደው የተቀበለውን ዝናብ ሊያመሰግን ነው። የፊንፊኔው በዓል ከረጅም ዘመን መቋረጥ በኋላ በመስከረም 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲከበርም ሕዝቡ የወጣው ወደ ውሃ ዳር ነው። ጊዜን በተመለከተ አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው የገዳ ጥናት የገለጸው የቦረና አቆጣጠር 27 የቀን ስሞች አሉት፤ እያንዳንዱ ቀን የራሱ አያና ስላለው ምን ሥራ መቼ እንደሚጀመር ያመለክታል። ሥልጣኑን በተመለከተ ደግሞ ካርል ኤሪክ ክኑትሶን እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ጥናት በምዕራብ ሸዋ በሜጫ ኦሮሞ ዘንድ የቃሉን ተቋም መርምሯል። ቃሉ አያናው የሚያድርበት ሰው ነው፤ በገልማው፣ ማለትም በአምልኮ ቤቱ፣ ስለት ይቀበላል፣ የተጣሉትንም ያስታርቃል፣ ይዳኛል። ገበሬው የአያናውን ሥልጣን የሚያውቀው በድንበር ክርክር፣ በዕዳ ክፍያና በእርቅ ነው። የክኑትሶን ጥናት ጨምሮ እንደሚያሳየው በሜጫ የተስፋፋው አያና የሚያድርበት የቃሉ ዓይነት በደቡብ ከሚታወቀው በዘር ከሚወረሰው የተለየና ከእርሱ የዘገየ ነው። የገዳ ሥርዓት ሲዳከምና ወደ አባ ሙዳ፣ ማለትም ወደ ታላቁ መንፈሳዊ አባት፣ የሚደረገው ጉዞ ሲቋረጥ የመንፈሳዊ ሥልጣን አቀማመጥም ተለወጠ። ሃይማኖት የፖለቲካን ታሪክ በሰውነቱ ይሸከማል።

የዚህ አካባቢ ሌላው ትምህርት እምነቶች ጎን ለጎን የሚኖሩ መሆናቸው ነው። በወጨጫ ተዳፋት ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በአፈ ታሪክ ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ጋር ይያያዛል፤ ንጉሡ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው ደግሞ እኒሁ ንጉሥ ደሰክና ዲኖ የተባሉትን መናፍስት ያመልካሉ የተባሉ ሰዎችን፣ የገዛ ልጆቻቸውን ሳይቀር፣ በብርቱ ቀጥተዋል። በሌላ በኩል በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ዛሬም የግንቦት ልደታ ጎረቤት ተሰባስቦ ንፍሮ ቀቅሎና ቡና አፍልቶ ሲያከብር፣ ማርያምን ማመስገንና የሰፈሩን አድባር ማሰብ በአንድ ቀን የተገናኙባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን አድባርን በትምህርቷ አትቀበልም፤ ሆኖም የጎረቤት ግዴታው፣ ማለትም መዋጣቱ፣ አብሮ መብላቱና ለሰፈሩ ሰላም መለመኑ፣ ከትውልድ ትውልድ ተላልፏል።

ሦስተኛው ማስረጃ የዛር ሥርዓት ነው። ተመራማሪው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 በጎንደር ያጠናውና በ1958 ያሳተመው ሥራ የዛርን ዓለም በዝርዝር ይገልጻል። በሰፊው በሚነገረው ተረት መሠረት ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት፤ ፈጣሪ ሊያያቸው ሲመጣ ያማሩትን 15 ደበቀች፤ የተደበቁት ተሰውረው ቀሩ፣ ዛሮችም ሆኑ። ዛሮቹ የታወቁ ስሞች አሏቸው፤ ሠይፉ ጨንገር ከመካከላቸው ነው። ማዕረግ፣ አገርና አሽከርም አላቸው፤ አደረጃጀታቸው የቤተ መንግሥቱን የሹመት መሰላል ይመስላል። ሆኖም አንድ ዛር የሚታወቀው በሥራ ድርሻው ሳይሆን በግብሩ ነው፦ የሚሻው የዶሮ ቀለም፣ ልብስ፣ ሽቶ፣ የቡናው ሰዓት። የታመመ ሰው የዛር ፈረስ ሲሆን በሕመምተኛው፣ በዛሩና ሥርዓቱን በሚመራው ባለ ዛር መካከል ውል ይገባል፤ ግብሩ ሲቋረጥ ሕመሙ ይመለሳል ተብሎ ይታመናል።

በዚህ መከራከሪያ ላይ ሦስት ጠንካራ ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ ልብ ወለድ ነጻ ነው፤ ደራሲ የሃይማኖት ጥናት ደንብ የመጠበቅ ግዴታ የለበትም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ደራሲ አማልክቱን ከምንም ሊፈጥር ይችላል። ነጻነቱ ግን የአንባቢን እምነት በነጻ አያስገኝም። የዝናብ አምላክ በአገሩ ድርቅ ሲገባ ማን እንደሚጠየቅ ካልታወቀ፣ አንባቢው አምላኩን እንደ ጌጥ ቆጥሮ ያልፈዋል። ግዴታውን የወሰነ ደራሲ ደግሞ ታሪክ በእጁ ይገባል፤ ያልተከፈለ ስለት፣ በሐሰት የተነገረ የአምላክ ቃል፣ የተቋረጠ ጉዞ እያንዳንዳቸው የልብ ወለድ ግጭት ናቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ማስረጃዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም ይላል። የአክሱም ጽሑፍ የቤተ መንግሥት ድምፅ ነው፤ ዋቄፈና የሕዝብ ሃይማኖት ነው፤ ዛር ደግሞ ከሃይማኖት ይልቅ ወደ ፈውስ ያደላል። ልዩነቱ አይካድም። የመከራከሪያው ክብደት ያለውም በዚሁ ልዩነት ላይ ነው። በ1,600 ዓመታት ርቀት፣ በተለያየ ቋንቋና በተለያየ የኑሮ ደረጃ የሚገኙ ሦስት ሥርዓቶች በአንድ ነገር ከተስማሙ፣ ስምምነታቸው የአንድ ባህል ገጠመኝ ነው ለማለት ያዳግታል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። ዋቄፈና ሕያው እምነት ነው፤ የሚከተሉት ሰዎች ጎረቤቶቻችን ናቸው። የእምነት ነገር ለጨዋታና ለልብ ወለድ ማሟሟቂያ ሲሆን ክብር ይነካል። ይህ ስጋት ተገቢ ስለሆነ ወሰኑ በግልጽ መቀመጥ አለበት። ዋቃን ወይም የአንድን ጎሳ አያና ስሙን ወስዶ የልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ማድረግ ስህተት ነው፤ ኢሬቻን የአስማት ትርኢት አድርጎ ማቅረብም እንዲሁ። ከእነዚህ ሥርዓቶች መማር የሚገባው ስም ሳይሆን አሠራር ነው፦ ምስጋና ከቦታ ጋር፣ ቀን ከኃይል ጋር፣ ዳኝነት ከመንፈሳዊ ሥልጣን ጋር እንዴት እንደሚያያዝ። የስም ዝርዝር ብቻ የሚፈልግ ደራሲ ስሞቹን ከባለቤቶቻቸው ነጥቆ ሊሄድ ይችላል። ግዴታውን ለመረዳት የሚፈልግ ግን ባለቤቶቹን መጠየቅና ማዳመጥ ይኖርበታል፤ ስለዚህ የተሻለው የሥነ ጥበብ መንገድ የተሻለው የሥነ ምግባር መንገድም ይሆናል።

ከቀረቡት ማስረጃዎች የሚደረስበት ድምዳሜ ግልጽ ነው። የአክሱም አማልክት ከዙፋንና ከእርግማን ጋር፣ አያና ከሰውና ከቀን ጋር፣ ዛር ከግብሩ ጋር ታስረው ይኖራሉ፤ ከማሰሪያው ተፈተው በሠንጠረዥ ሲደረደሩ ትርጉማቸውን ያጣሉ። በአማርኛ ምናባዊ ዓለም የምትፈጥሩ ጸሐፍት ሆይ፣ ለአማልክታችሁ ስም ከማውጣታችሁ በፊት ሕዝባችሁ ለማን ባለዕዳ እንደሆነ ወስኑ፤ ዕዳው የሚከፈልበትን ተራራና ወንዝ፣ ቀኑንና ዳኛውን አስቀምጡ። የአማልክቱን ዝርዝር በመጨረሻ ጻፉት።