የቁስቋም ግንብ፦ እቴጌ ምንትዋብ ከከተማው ወጣ ብለው ያሠሩት ቤተ መንግሥት

ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ከፋሲል ግቢ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በኮረብታ ተዳፋት ላይ የደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያንና የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ይገኛሉ። አብዛኛው እንግዳ የፋሲልን ግቢ አይቶ ይመለሳል፤ ቁስቋምን ሳያዩ መሄድ ግን ትልቅ ጉድለት ነው።

የቋራዋ ተወላጅ ምንትዋብ የአፄ በካፋ ባለቤት ነበሩ። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲያርፉ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ሕፃን ስለነበሩ፣ እቴጌይቱ ዘውድ ጭነው አገር አስተዳደሩ። ቁስቋምን ያሠሩት በዚሁ ዘመን ነው። ስሙም እመቤታችን በስደቷ ከልጇ ጋር ተቀምጣበታለች ከሚባለው የግብፁ ደብረ ቁስቋም የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በዚህ ግቢ ተቀምጦ የፈንጣጣ ሕሙማንን አክሟል።

ግቢው ክብ ማማዎች ባሉት ቅጥር የተከበበ ሲሆን በውስጡ የግብር አዳራሽና የእቴጌይቱ መኖሪያ ነበሩበት። ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ በኖራ እየተያያዘ የተገነባ ነው። የበሩና የመስኮቱ ቅስት፣ በግድግዳው ላይ የወጡት መስቀሎችና ልዩ ልዩ ምስሎች ግን ከቀላ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተጠረቡ ናቸው፤ የቁስቋም ውበት ያለውም በዚህ የሁለት ቀለም ስምምነት ላይ ነው። «የጎንደርን ግንብ ሁሉ ፖርቹጋሎች ሠሩት» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ አይሠራም፤ ኢየሱሳውያኑ ሚስዮናውያን ከአገር የተባረሩት አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ከመቆርቆራቸው አስቀድሞ ነው፤ ቁስቋም ደግሞ ከዚያ መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ የመጣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1888 ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም ጠፋ። ዛሬ የሚታየው ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በኋላ የታነጸ ነው። ስፍራው ከፋሲል ግቢ ጋር እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የእንዲህ ዓይነት ግንብ ዋና ጠላት የክረምት ውኃ ነው። ኖራ የገባበትን እርጥበት መልሶ ያስወጣል፤ ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል፣ ድንጋዩም ከውስጥ ይላላል። በጣሊያን ዘመን በጎንደር ግንቦች ላይ የተለጠፈው ሲሚንቶ ኋላ በአብዛኛው ተነሥቶ በኖራ የተተካው ስለዚህ ነው። ወፍ ባመጣው ዘር በስንጥቅ ውስጥ የሚበቅለው የዋርካ ችግኝም ቀላል አይደለም፤ ገና ለጋ ሳለ ከሥሩ ይቆረጣል እንጂ ካደገ በኋላ መንቀል ድንጋዩን ይዞ ይወጣል። የወደቀ ድንጋይም ባለበት ቢተው ይመረጣል፤ ባለሙያ ከወደቀበት ስፍራ ተነሥቶ የቀድሞ ቦታውን ሊለይ ይችላል፤ ለአጥር ከተወሰደ ግን ይህ አይቻልም።