በአሸዋ ውስጥ ስለ ቆዩት የፋራስ ሥዕሎች

ከግብፅ በስተ ደቡብ በዓባይ ወንዝ ዳር ያለው የኖባ አገር በ6ኛው መቶ ዓመት ወንጌልን ተቀበለ። ጳጳሳቱም እንደ ኢትዮጵያ ጳጳስ ሥልጣናቸውን ከእስክንድርያ መንበር ይቀበሉ ነበር። ከመንበረ ጵጵስናዎቹ አንዲቱ ፋራስ ስትሆን፥ በዚያ የነበረችው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ከ8ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ግድግዳዋ በሥዕል ተሸልሞ ነበር። አሮጌው ሥዕል ሲደበዝዝ በላዩ አዲስ ልስን እየተለሰነ ሌላ ይሣልበት ነበርና፥ የአንዱ ዘመን ሥራ በሌላው ሥር ተሸፍኖ ቀረ።

ከዚህ በኋላ የኖባ ክርስቲያን መንግሥት ደከመ። በ1372 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጢሞቴዎስ የተባሉ ጳጳስ ለኢብሪምና ለፋራስ ተሹመው ነበር፤ ነገር ግን ውሎ አድሮ ካህናቱ አለቁ፥ ሕዝቡም እስልምናን ተቀበለ፥ ቅዳሴውም ዝም አለ። ነፋስም የበረሃውን አሸዋ እያመጣ ቤተ መቅደሱን ሞላው። ይህ ፍጹም ጥፋት ይመስል ነበር፤ ሥዕሉን ከፀሐይና ከሰው እጅ የጠበቀው ግን ያው አሸዋ ነው።

የአስዋን ታላቅ ግድብ ሊሠራ በታሰበ ጊዜ፥ አገሩ በውሃ እንደሚሰጥም ታወቀ። ስለዚህ የፖላንድ ሊቅ ካዚሚየሽ ሚካሎቭስኪ ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ከ1961 እስከ 1964 ዓ.ም. ስፍራውን ቈፈሩ። አሸዋው በተነሣ ጊዜ ከ120 የሚበልጡ ሥዕሎች ተገለጡ። ቅድስት ሐና ጣቷን በከንፈሯ ላይ አድርጋ ታየች፤ ሠለስቱ ደቂቅ በእቶነ እሳት መካከል በመልአክ ክንፍ ተጠብቀው ተገኙ፤ መልካቸው ጥቁር የሆነው ጳጳስ ጴጥሮስም ሐዋርያው ጴጥሮስ ከኋላቸው ቆሞ ታዩ። የጳጳሳቱም ስም በተራ በግድግዳው ላይ ተጽፎ ተነበበ።

ሠራተኞቹም በሥዕሉ ላይ ስስ ወረቀት በሰም እየለጠፉ፥ ልስኑን በመጋዝ ከግድግዳው እየለዩ አወጡት። ከዚያም ከፊሉ በካርቱም፥ ከፊሉ በዋርሶ ሙዚየም ተቀመጠ፤ ስፍራው ግን በውሃ ተዋጠ።

እንግዲህ ሥዕሉን አሸዋ ጠበቀው፥ ሊቃውንትም አዳኑት። ማኅሌቱንና ቅዳሴውን ግን አሸዋ ሊጠብቀው፥ ሊቅም ቈፍሮ ሊያወጣው አልቻለም። ይህን ከአባት ወደ ልጅ የሚያሻግረው ሕያው የሆነ ምእመን ብቻ ነው።