የአቶ ኤክስ ጉሮሮ

ጉንፋን ሲይዘን የምናደርገው ይታወቃል። መጀመሪያ ዝንጅብሉና ዳማከሴው ይሞከራል። በማግስቱ ካልተሻለን መድኃኒት ቤት ጎራ ብለን «አሞክሳሲሊን አለ?» እንላለን። ሦስት ቀን ውጠን ሲሻለን የተረፈው መሳቢያ ውስጥ ይገባል፤ ለሚቀጥለው ጉንፋን ወይም ለእህታችን።

የሚገርመው፣ ይህ እንደማያዋጣ ከታወቀ ቆይቷል። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1914 ጀርመናዊው ቫልተር ክሩዘ ከጉንፋን በሽተኛ አፍንጫ የወሰደውን ፈሳሽ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጥልሎ ጤነኞች አፍንጫ ውስጥ ጨመረ። የተወሰኑትን ጉንፋን ያዛቸው። ጥፋተኛው ባክቴሪያ ሳይሆን ዛሬ ቫይረስ የምንለው ነበር። አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስ አይገድልም።

ተስፋው ግን አልሞተም። በ1943 እንግሊዝ ውስጥ ከሻጋታ የተገኘ ፓቱሊን የተባለ ነገር ጉንፋን ይፈውሳል ተባለ። ከ1000 በላይ ሠራተኞች ላይ ሲሞከር፣ መድኃኒቱን ያገኙትም ያላገኙትም እኩል ዳኑ። ጉንፋን በራሱ ጊዜ ይለቃል፤ ምስጋናውን የሚወስደው ግን መጨረሻ ላይ የተዋጠው ክኒን ነው።

በታኅሣሥ 1945 ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ስቶክሆልም ላይ በኖቤል ንግግሩ አንድ ታሪክ ፈጥሮ ተናገረ። አቶ ኤክስ ጉሮሯቸውን ያማቸዋል። ፔኒሲሊን ገዝተው ይወስዳሉ። መጠኑ ባክቴሪያውን ለመግደል አይበቃም፤ መድኃኒቱን እንዲላመድ ለማስተማር ግን ይበቃል። በሽታው ወደ ሚስታቸው ይተላለፋል። እሳቸውን የሳንባ ምች ይይዛቸዋል፤ ፔኒሲሊን ቢሰጣቸውም አይሠራም። ወይዘሮ ኤክስ ይሞታሉ። ፍሌሚንግ ለሞታቸው ተጠያቂ ያደረገው ባልየውን ነው።

ዛሬ የምናውቀው ከዚህም ይብሳል። ጥፋቱ መጠን ማሳነስ ብቻ አይደለም፤ ሳያስፈልግ መዋጡ ራሱ ነው። ለጉንፋን የዋጥነው እንክብል ቫይረሱን ሳይነካ አንጀታችንና ጉሮሯችን ውስጥ ያሉትን ደካማ ባክቴሪያዎች ይጨርሳል። የተላመዱት ቦታው ይለቀቅላቸዋል። በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል።

አንቲባዮቲክ ጠላት ነው ማለቴ አይደለም። አንዳንዱ የጉሮሮ ሕመም የባክቴሪያ ነው፤ ካልታከመም የልብ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ያንን ለይቶ የሚነግረን ግን የጤና ባለሙያ ነው፤ መሳቢያችን አይደለም።

በፍሌሚንግ ታሪክ ፔኒሲሊኑን የወሰዱት አቶ ኤክስ አልሞቱም። የሞቱት አጠገባቸው የነበሩት ናቸው።