የጉተታ ክር፦ በጀልባ እየጎተቱ ለማጥመድ የሚሆን የመንጠቆ ክር

የጉተታ ክር፣ ጀልባ በዝግታ እየሄደ ከኋላው መንጠቆና ማባበያ ሲያስከትል ጀልባውንና መንጠቆውን የሚያገናኘው የማጥመጃ ክር ነው። ከዳር ተቁሞ የሚወረወር ክር የሚሸከመው የዓሣውን ክብደትና ትግል ነው፤ የጉተታ ክር ግን በዚያው ቅጽበት የጀልባው ጉዞ ይደረብበታል። ዓሣው ወደ ኋላ፣ ጀልባው ወደ ፊት፤ በመካከላቸው ያለው ከአንድ ሚሊ ሜትር የቀጠነ ክር ነው። ስለ ምርጫው በብዛት የተጻፈው ጥልቅ፣ ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ውሃ ላላቸው የሰሜን አሜሪካና የአውሮፓ ሐይቆች ነው። ያንን ምክር እንዳለ ወደ ጣና ወይም ወደ ጫሞ ያመጣ ሰው ገንዘቡን ለማያስፈልገው ነገር ያወጣል፤ የሚያስፈልገውንም ይተዋል።

በሰሜን ተራሮች አካባቢ ለደባርቅና ለዳባት ሰው ቅርብ የሆኑት ታላላቅ ውሃዎች ሁለት ናቸው። 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው የጊች አምባ አጠገብ የጅንባር ወንዝ በገደሉ ይወረወራል፤ የሰሜን ተራሮች ውሃም ዞሮ ዞሮ ተከዜ ይገባል። 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጠናቀቅ የተከዜ ሸለቆ ራሱ ሐይቅ ሆነ። በሌላ በኩል ደግሞ ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ጎርጎራ የወረደ መንገደኛ ጣናን ያገኛል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ላይ የተንጣለለ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ነገር ግን በጣም በጠለቀበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ የሚደርስ ውሃ ነው። አንዱ ጠባብ፣ ጥልቅና ድንጋያማ፤ ሌላው ሰፊ፣ ዝቅተኛና ድፍርስ። አንድ ክር ለሁለቱም እኩል አያገለግልም።

በጣና ክር ከመምረጥ በፊት ዓሣውን ማወቅ ይጠቅማል። ቆሮሶ በአብዛኛው የውሃ አልጌ ስለሚመገብ የሚጎተት ማባበያን አይከተልም። አምባዛ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ ይሁንና ብዙውን ጊዜ ወደ ወለሉ ነው። የጉተታ አጥማጅ የሚፈልገው ብልጫ ወይም ነጭ ዓሣ የሚባሉትን ነው። የጀርመኑ ተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ሰሜንንና ጣናን ጎብኝቶ ሲመለስ፣ ከጣና ነጭ ዓሣዎች ለበርካቶቹ የመጀመሪያውን ሳይንሳዊ መግለጫ ጻፈ። በኋላ የመጡ ጥናቶች በሐይቁ 15 የተለያዩ የነጭ ዓሣ ዝርያዎችን ለይተዋል፤ ከእነዚህ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አሳደው የሚበሉ ናቸው።

ይህ በዓለም ላይ እንግዳ ነገር ነው። የነጭ ዓሣ ወገን በሆኑት በሌሎች አገሮች ዓሣዎች ዘንድ አዳኝነት ብርቅ ነው፤ ምክንያቱም መንጋጋቸው ጥርስ የለውም፣ የሚያደቅቁት በጉሮሯቸው ውስጥ ባሉ ጥርሶች ነው። በጣና ግን 40 ሜትር የሚደርሰው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታችኛው ዓባይ ያሉትን ናይል ፐርችንና የነብር ዓሣን ወደ ሐይቁ እንዳይወጡ አግዷቸዋል፤ ባዶ የቀረውንም የአዳኝ ቦታ ነጭ ዓሣዎቹ ያዙት።

ለአጥማጁ ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው፦ በጣና የብረት ሽቦ አያስፈልግም። የነጭ ዓሣ ከንፈር ክር አይቆርጥም። ሽቦ ማባበያውን ያከብደዋል፣ እንቅስቃሴውንም ያደርቀዋል። በባሮ፣ በኦሞ፣ በአባያና በጫሞ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ያለው የነብር ዓሣ ጥርሱ እንደ ስለት የተሳለ ስለሆነ ከመንጠቆው በላይ አጭር የብረት ሽቦ ያላሰረ ሰው ዓሣውን ብቻ ሳይሆን ማባበያውንም ያጣል። ናይል ፐርች ደግሞ ጥርሱ ደቃቅ ቢሆንም አፉ እንደ ሞረድ ሻካራ፣ የስንጥቡ ክዳንም ስለታም ነው፤ ለእርሱ ሽቦ ባይሆንም ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር የሚወፍር የናይለን ጫፍ ክር ያስፈልጋል።

ዛሬ በገበያ ያሉት ክሮች በመሠረቱ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ናይለን ነው። የአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ኬሚስት ዋላስ ካሮዘርስ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1935 ያገኘው ሲሆን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነጠላ የናይለን የማጥመጃ ክር ለገበያ ቀረበ። ናይለን ከመበጠሱ በፊት እጅግ ይለጠጣል፤ ብዙዎቹ እስከ ሩብ ርዝመታቸው ድረስ። ከዳር ለሚያጠምድ ሰው ይህ ጉድለት ሊሆን ይችላል፤ በጉተታ ግን ዋናው በጎነቱ ነው። ሞተር ያለው ጀልባ በሰዓት ከ3 እስከ 6 ኪሎ ሜትር እየሄደ ዓሣው በድንገት ሲይዝ፣ ድንጋጤውን የሚውጠው ያ መለጠጥ ነው። መንጠቆው ከነጭ ዓሣ ስስ ከንፈር ቀዶ እንዳይወጣም ይረዳል። ድክመቱ ውሃ መምጠጡ ነው፤ ከረጠበ በኋላ ከጥንካሬው የተወሰነውን ያጣል፣ ፀሐይም ያደክመዋል።

ሁለተኛው ፍሎሮካርቦን ነው፤ የጃፓኑ ኩሬሃ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለአጥማጆች አቀረበው። የሚሸጠው በአይታይነቱ ነው። ብርሃን በውሃ ውስጥ የሚሰበርበት መጠን 1.33፣ በፍሎሮካርቦን 1.42፣ በናይለን ደግሞ ከ1.5 ከፍ ያለ ነው፤ መጠኑ ወደ ውሃው በቀረበ ቁጥር ክሩ ለዓሣው ዓይን ይሰወራል። ጥርት ባለ ውሃ ይህ ትልቅ ብልጫ ነው። ክረምት ገባሮቹ ደለል ይዘው በሚገቡበት ጣና፣ ወይም ዓመቱን ሙሉ ቀይ በሆነው አባያ ግን ዓሣው ራሱ ሩቅ አያይም። እዚያ ለአይታይነት ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ትርፍ የለውም። ፍሎሮካርቦን የሚጠቅመው በሌላ ጠባዩ ነው፦ ከውሃ 1.78 እጥፍ ስለሚከብድ ይሰምጣል፣ ድንጋይ ሲፈትገውም ከናይለን ይልቅ ይታገሣል። ስለዚህ በተከዜ ሐይቅ ድንጋያማ ዳርቻዎች ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ጫፍ ክር ሆኖ ቢታሰር ዋጋውን ይመልሳል።

ሦስተኛው ከፖሊኢታይሊን ጭረቶች እንደ ሹሩባ የተጎነጎነው ክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከተስፋፋ ወዲህ የጉተታን ሒሳብ ቀይሮታል። ከናይለን ጋር በውፍረት እኩል ሲሆን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ክብደት ይሸከማል፤ አይለጠጥም ማለት ይቻላል፤ ከውሃ ትንሽ ስለሚቀል ይንሳፈፋል። የቀጠነ ክር ውሃው ስለማይገታው ጠላቂ ማባበያ ይበልጥ ወደ ታች ይወርዳል። አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ በሆነው ጣና ይህ ብቻውን ይበቃል፤ 30 ወይም 40 ሜትር የተለቀቀ የተጎነጎነ ክር ማባበያውን ዓሣው ባለበት ያደርሰዋል። በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የሚወደደው፣ በውስጡ እርሳስ የገባበትና በየ9 ሜትሩ ቀለም የሚቀይረው ክር እዚህ ወለሉን ሲፈትግ ይውላል። ቦታው ካለ ያለው በተከዜ ነው።

ለጣና ጉተታ የሚመከረው ቅንብር እንግዲህ የሚከተለው ነው። ዋናው ክር ከ10 እስከ 14 ኪሎ የሚሸከም የተጎነጎነ ክር፣ ከጫፉ አምስት ወይም ስድስት ሜትር የ0.40 ሚሊ ሜትር ናይለን። የተጎነጎነው ቅጥነቱንና ጥልቀቱን ያስገኛል፣ ናይለኑ መለጠጡን ይመልሳል። የተጎነጎነ ክር በለሰለሰ ማጠንጠኛ ላይ በቀጥታ ከተጠቀለለ ዓሣው ሲጎትት በሙሉ ስለሚሽከረከር አስቀድሞ ጥቂት ናይለን መጠቅለል ግድ ነው። ቋጠሮ ከመጥበቁ በፊት በውሃ ይረጥባል፤ ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ የሚፈጠረው ሙቀት ጥንካሬውን ይሰርቃል። የማጠንጠኛው ፍሬን ክሩ ከሚሸከመው ሩብ እስከ ሲሶ ላይ ይደረጋል፤ የተጎነጎነ ብቻ ለሚጠቀም ከዚያም ያነሰ ይሻለዋል። በጥቅሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር በፓውንድ ከሆነ አንዱ ፓውንድ 0.45 ኪሎ ነው።

የጫሞ ናይል ፐርች ከዚህ ቅንብር በላይ ነው። ዓሣው ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ በስፖርት አጥማጆች ዓለም አቀፍ መዝገብ የሰፈረው ትልቁ 104.32 ኪሎ ሲሆን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 በግብፁ ናስር ሐይቅ ተያዘ። ለእንዲህ ያለ ዓሣ ከ24 እስከ 37 ኪሎ የሚሸከም ክር ያስፈልጋል፤ ማጠንጠኛውም ከ200 ሜትር በላይ መያዝ አለበት፣ ጀልባውን ማቆም ጊዜ ይወስዳልና።

ናይለን ወደ ጣና በስፋት የገባው በመንጠቆ ሳይሆን በመረብ ነው። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ከጥንት ጀምሮ ከደንገል በተሠራ ታንኳ፣ በመንጠቆና በወጥመድ አጥምደዋል፤ ዓሣን ለማደንዘዝ የብርብራ ፍሬም በአካባቢው ያገለግል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 በተጀመረው፣ ከኔዘርላንድስ የኡርክ ከተማ ድጋፍ ባገኘው የዓሣ ልማት ፕሮግራም የሞተር ጀልባና ዘመናዊ የናይለን መረብ መጡ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የነጭ ዓሣ ክምችት በክብደት ሲለካ በሦስት አራተኛ ገደማ ቀነሰ። ምክንያቱ ከሕይወታቸው ጋር የተያያዘ ነው፦ በርካታ ዝርያዎች ክረምት ሲገባ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ፤ በወንዞቹ አፍ ሲሰበሰቡ ደግሞ መረብ ይጠብቃቸው ነበር። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለቁጥጥር መሠረት ጣለ። በክረምትና በመጸው መጀመሪያ ከወንዝ አፎች ርቆ መጎተት ለእነዚህ፣ በዓለም ሌላ ቦታ ለማይገኙ ዓሣዎች የሚሰጥ እፎይታ ነው። በዚያው ወቅት የያዙትን በፍጥነት አውጥቶ ለመልቀቅ ጠንካራ ክር ከቀጭን ይሻላል፤ በቀጭን ክር ረጅም ጊዜ የታገለ ዓሣ ቢለቀቅም ብዙ ጊዜ አይተርፍም።

ሰሜኑ የጣና ዳርቻ፣ ከጎርጎራ እስከ መገጭ አፍ፣ ሌላም ችግር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ መታየቱ የተረጋገጠው እምቦጭ የተባለ የውሃ አረም ማባበያን እየያዘ ጉተታን ከንቱ ያደርገዋል። የተጎነጎነ ክር የእምቦጭን ለስላሳ ግንድ አንዳንዴ ቆርጦ ያልፋል፤ ናይለን ግን ተጠቅልሎ ይቀራል። በእምቦጭ ጠርዝ የሚጎትት ሰው ክሩን ከ15 ሜትር ባያስረዝም መንጠቆውን ለማጽዳት ይቀለዋል።

ክር ከጉዞ በኋላ ከጨው ነፃ በሆኑት ሐይቆቻችን ብዙ እጥበት አይፈልግም፤ ከፀሐይ መሸሸግ ግን አለበት። በጀልባ ወለል ላይ ለወራት የተተወ ናይለን በእጅ ይበጠሳል። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ የመጨረሻውን ሁለት ሜትር በጣት ዳስሶ ሻካራ ከሆነ መቁረጥ ይገባል። የተቆረጠው ግን ውሃ ውስጥ አይጣልም፤ ናይለን አይበሰብስም፣ የሐይቁን ይብራና ሌሎች ወፎች እግር ያስራል፣ የሌላውንም ሰው ሞተር ዘንግ ይጠመጥማል። ተቆራርጦ በኪስ ወይም በጀሪካን ወደ ጎርጎራ ወይም ወደ ባሕር ዳር ይመለሳል።